ጥቁሩ የራስ ቁርና የአንድ ልጅ ጥያቄ



እስቲ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ልጃችሁ በስጦታ ያገኘውን ሳጥን በደስታ እየዘለለ ይዞላችሁ መጣ እንበል። ሳጥኑ ጥቁር ነው። በላዩ ላይ ዓይኑ የጨለመ፣ አፉ የብረት ፍርግርግ የሚመስል፣ የሚያስፈራ ጭንብል ይታያል። ምን ታደርጋላችሁ? ትቀበሉታላችሁ? ቁም ሣጥን ላይ ትደብቁታላችሁ? ወይስ "ይህ ቤቴ አይገባም" ብላችሁ ትጥሉታላችሁ?

ይህ ጥያቄ ባለፈው ክረምት የእኔን ቤት አንኳኳ። የባለቤቴ ታናሽ እህት ከአሜሪካ ለዕረፍት ስትመጣ ለአሥራ አራት ዓመቱ ልጃችን ያመጣችለት ስጦታ ነበር። ልጄ "ዳርዝ ቬደር ነው! ዳርዝ ቬደር ነው!" እያለ ቤቱን ዞረው። እኔ ስሙንም በቅጡ አላውቀውም፤ ያየሁት ጭንብሉን ብቻ ነው። በዚያው ሳምንት ለጸሎት የመጡ አንዲት እናት ሳጥኑን ጠረጴዛ ላይ አዩት። ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና፣ "ልጄ፣ በእግዚአብሔር አገልጋይ ቤት ይሄ ምን ይሠራል?" አሉኝ።

የፓስተር ቤት በሩ ለሁሉም ክፍት ነው፤ ውስጡም ለሁሉም ይታያል። ስለዚህ እውነቱን ልናገርና፣ ሳጥኑን ለመጣል የወሰንኩት መንፈሳዊ ሆኜ ሳይሆን ሰው ምን ይለኛል ብዬ ነው። ያስቆመኝ ባለቤቴ ነበር። "ሳትሰሚ አትፍረጂ፤ መጀመሪያ ምን እንደ ሆነ እንወቅ" አለኝ። ሳይሰሙ መመለስ ስንፍና እንደ ሆነ ጠቢቡም አስተምሮናል (ምሳ. 18፥13)። እኔም እሺ ብዬ መጫወቻውን፣ የመጣበትን ፊልምና የሠራውን ኩባንያ ለማወቅ ተነሣሁ። ዛሬ ያየሁትን ሁሉ ላካፍላችሁ ነው። በመጨረሻ ግን የተመረመረው መጫወቻው ሳይሆን የእኔ አንደበት ሆኖ ተገኘ።

ሳጥኑ ውስጥ ምን አለ?

መጫወቻው የዴንማርኩ የሌጎ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2021 ያወጣው የዳርዝ ቬደር የራስ ቁር ነው። 834 ቁራጮች አሉት። መጀመሪያ ሲወጣ አሜሪካ ውስጥ 70 ዶላር ገደማ ይሸጥ ነበር። ተገጣጥሞ ሲያልቅ ቁመቱ ወደ 20 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል፤ ከሥሩ መቆሚያና ስም የተጻፈበት ትንሽ ሰሌዳ አለው። ራስ ላይ የሚጠለቅ ሳይሆን መደርደሪያ ላይ የሚቀመጥ ነው።

ሳጥኑ ላይ ከ18 ዓመት በላይ ለሆኑ የሚል ምልክት አለበት። ይህን ሳይ በጣም ደነገጥኩ። ፊልም ላይ እንዲህ ዓይነት ምልክት ሲለጠፍ ምን ማለት እንደ ሆነ እናውቃለን። እዚህ ላይ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ነውር ስላለበት ሳይሆን ሥራው ረጅም ትዕግሥት ስለሚጠይቅ፣ ሲያልቅም ለጌጥ እንጂ ለጨዋታ ስለማይሆን፣ ለትልልቅ ሰዎች ተብሎ የተዘጋጀ ስለ ሆነ ነው። ወላጆች ይህን ለይታችሁ እወቁ።

ልጄ ብቻውን አልሠራውም። ከሰፈራችን የሚመጣ አንድ ጓደኛ አለው፤ ዕድሜው አሥራ ሦስት ነው፣ ከቤተ ክርስቲያናችን ልጆች አንዱ ነው። ሁለቱ ሳሎኑ ወለል ላይ አሮጌ አንሶላ አንጥፈው ጀመሩ። ቁራጮቹ በየተራ በሚከፈቱ ቁጥር በተጻፈባቸው ከረጢቶች ተከፋፍለዋል። የመመሪያው መጽሐፍ የሚያሳየው በሥዕል ስለ ሆነ እንግሊዝኛ አላስቸገራቸውም። የሚያስቸግረው ሌላ ነው፤ አብዛኛው ቁራጭ ጥቁር ነው። በሁለተኛው ምሽት ዝናቡ ሲጠነክር መብራት ጠፋ። በሻማ ብርሃን ጥቁሩን ከጥቁር ለመለየት ስንዳክር፣ እኔም ሳላስበው መነጽሬን አድርጌ አንሶላው ላይ ተቀምጬ አገኘሁት ራሴን። አንዷን ቁራጭ ፍለጋ ሦስታችንም ምንጣፍ ስናራግፍ ባለቤቴ በር ላይ ቆሞ ይስቅብን ነበር።

ያን ምሽት አንድ ነገር አስተዋልኩ። መጀመሪያ የሚሠራው ከውጭ የሚታየው ፊት አይደለም፤ ውስጡ ነው። እዚያ ጥቁር ያልሆኑ ቁራጮችም ይገባሉ። ከዚያ በኋላ ነው ጥቁሩ ከየአቅጣጫው እየለበሰ የሚሸፍነው። ሥራው ሲያልቅ ውስጡ ያለውን ቀለም የሚያውቀው የሠራው ሰው ብቻ ነው።

በአምስተኛው ምሽት አለቀ። ስለ መጫወቻው ፍርዴን ልስጥ። አሠራሩ የሚያስደንቅ ነው። እያንዳንዷ ቁራጭ በቦታዋ ጥብቅ ብላ ትገባለች። ሁለት ልጆች አምስት ምሽት ከስልክ ርቀው፣ "ያችን አቀብለኝ"፣ "ቆይ አትቸኩል" እየተባባሉ ሲሠሩ ማየት በራሱ በረከት ነው። ጉድለቱንም አልደብቅም። ዋጋው ለብዙ ቤተሰብ ቀላል አይደለም። ከተሠራ በኋላ መደርደሪያ ላይ ከመቀመጥ በቀር ሌላ ጥቅም የለውም። ቁራጮቹ በጣም ደቃቅ ስለ ሆኑ ሕፃን ወዳለበት ክፍል መግባት የለባቸውም፤ ሊውጣቸው ይችላል። ደግሞም የተሰጠውን ሥዕል መከተል እንጂ ልጁ ከራሱ የሚፈጥረው ነገር ጥቂት ነው። በዚህስ በኩል እኛ በልጅነታችን ከሽቦ የሠራነው መኪና ይበልጣል።

የቢሉንዱ አናጢ

ስለ ኩባንያው ሳነብ ያላሰብኩትን አገኘሁ። ሌጎን የመሠረተው ኦሌ ኪርክ ክርስቲያንሰን የሚባል አናጢ ነው፤ በዴንማርክ ቢሉንድ በምትባል ትንሽ መንደር ይኖር ነበር። በ1932 እ.ኤ.አ.፣ በዓለም ኢኮኖሚ ውድቀት ዘመን ሥራ ሲጠፋ ከእንጨት መጫወቻ መሥራት ጀመረ። በዚያው ዓመት ሚስቱ ሞተችበት፤ አራት ወንዶች ልጆች ይዞ ቀረ። ይህ ሰው በዴንማርክ ሉተራን ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የተነሣው፣ የውስጥ ሚሲዮን የሚባለው የመነቃቃት እንቅስቃሴ አባል የሆነ አማኝ ነበር። ሌጎ የሚለውም ስም "በደንብ ተጫወት" ከሚሉ ሁለት የዴንማርክ ቃላት የወጣ ነው።

ስለ እርሱ የሚነገር አንድ ታሪክ አለ። ልጁ ጎትፍሬድ አንድ ቀን የእንጨት ዳክዬዎችን ለደንበኛ ልኮ ሲመለስ፣ "አባባ፣ ዛሬ ገንዘብ አተረፍኩልህ፤ ሦስት ጊዜ የሚቀባውን ቫርኒሽ ሁለት ጊዜ ብቻ ቀባሁት" አለው። አባትየው አላመሰገነውም። ዳክዬዎቹን ከባቡር ጣቢያ እንዲመልሳቸው፣ የቀረውን ቅብ እንዲቀባና ራሱ መልሶ እንዲያደርሳቸው አዘዘው። ዛሬ የምናውቀው የሌጎ ጡብ የፈጠራ መብት የተመዘገበው በ1958 እ.ኤ.አ. በዚሁ በጎትፍሬድ ዘመን ነው። የዚያን ዘመን ጡብ ዛሬ ከሚሠራው ጋር ይገጥማል። እኛስ ሰው በማያየው ቦታ የምንሠራውን ሥራ ሦስተኛውን ቅብ እንቀባዋለን? ቆላስይስ 3፥23ን ለልጆቼ የማስተምርበት ምሳሌ ከዚህ የተሻለ አላገኘሁም።

እርግጥ ነው፣ መሥራቹ አማኝ መሆኑ መጫወቻውን ቅዱስ አያደርገውም። ኩባንያው የስታር ዎርስን ፊልም መጫወቻዎች ማውጣት የጀመረው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው፤ ኦሌ ኪርክ ካረፈ ከአርባ ዓመት በኋላ ማለት ነው። ስለዚህ ጭንብሉን በራሱ መመርመር ነበረብኝ።

ከጭንብሉ በስተኋላ

ታሪኩን ለማታውቁት በአጭሩ ላውጋችሁ። ስታር ዎርስ በጠፈር ላይ ስለሚደረግ ጦርነት የሚተርክ ልብ ወለድ ፊልም ነው። የመጀመሪያው የወጣው በ1977 እ.ኤ.አ. ነው። ዳርዝ ቬደር የክፉው ንጉሠ ነገሥት ቀኝ እጅ ነው፤ ሰው አንቆ ይገድላል፣ ትንፋሹ ከሩቅ ይሰማል፣ ፊቱን ማንም አያየውም።

ይህ ሰው ግን ክፉ ሆኖ አልተወለደም። ኋላ በወጡት ፊልሞች እንደሚታየው አናኪን የሚባል፣ ከእናቱ ጋር በባርነት የሚኖር ደግ ልጅ ነበር። እናቱ በግፍ ሞተችበት፤ በበቀል የገዳዮቹን መንደር ሴትና ሕፃን ሳይለይ ፈጀ። ቀጥሎ እርጉዝ ሚስቱ እንዳትሞትበት ፈራ። ያ ፍርሃት የክፉውን ጌታ የሐሰት ተስፋ እንዲያምን አደረገው፤ ንጹሐን ሕፃናትን እስከ መግደል ደረሰ። ሚስቱም አልቀረችለትም። ራሱም በእሳት ተቃጠለ። ያ ጥቁር ልብስና የራስ ቁር እንዲያስፈራ ብቻ የለበሰው አይደለም፤ ካለ እርሱ መተንፈስ ስለማይችል ነው። ኃጢአት እንዲህ ነው። መጀመሪያ እንመርጠዋለን፤ ኋላ ካለ እርሱ መኖር የማንችል ይመስለናል።

በ1983 እ.ኤ.አ. በወጣው ፊልም ላይ ልጁ ሉክ ከአባቱ ጋር ይዋጋል። በቁጣ ነድዶ የአባቱን እጅ ይቆርጣል። የተቆረጠው እጅ ሰው ሠራሽ ነው። ሉክ ወደ ራሱ እጅ ያያል፤ የእርሱም እጅ ቀድሞ በአባቱ ተቆርጦ በሰው ሠራሽ ተተክቷል። እዚያ ላይ ይቆማል። መሣሪያውንም ይጥላል፤ አባቱን አይገድልም። ንጉሠ ነገሥቱ ልጁን ሊገድል ሲያሠቃየው አባት አይቶ ዝም ማለት ያቅተዋል፤ ጌታውን አንሥቶ ወደ ጥልቅ ይወረውረዋል። በመጨረሻም ልጁን በገዛ ዓይኑ ለማየት ጭንብሉን እንዲያወልቅለት ይለምነዋል። ጭንብሉ ሲወልቅ ከሥሩ የሚታየው የገረጣ፣ ጠባሳ የበዛበት፣ የደከመ ሽማግሌ ፊት ነው። ልጁን አይቶ ይሞታል።

ይህን ፊልም አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ባለቤቴ፣ ልጄ፣ ጓደኛውና እኔ አብረን ተቀምጠን አየነው።

ልጁ የጠየቀኝ

ከዚህ በኋላ የምጽፈውን የልጁን እናት አስፈቅጄ ነው። የልጁ አባት በአንድ ወቅት በመዘምራን ኅብረታችን ውስጥ ያገለግል የነበረ ወንድም ነው። መጠጥ ያዘው። ቤቱ ጠብ ሆነ። ከሦስት ዓመት በፊት ሚስቱንና ልጆቹን ትቶ ወጣ። ጉባኤያችን ለተወሰነ ጊዜ ጸለየለት። ቀስ በቀስ ግን ስሙ ሲነሣ ዝም የምንልለት ሰው ሆነ።

ፊልሙ ካለቀ በኋላ ልጄና ባለቤቴ ወደ ጓዳ ሲገቡ ያ ልጅ ከተቀመጠበት አልተነሣም። የተሠራውን የራስ ቁር ጭኑ ላይ አስቀምጦ ያየዋል።

"እትዬ" አለኝ፣ "ሰው የግድ አባቱን ይሆናል?"

"ኧረ ልጄ፣ ማን እንዲህ አለህ?"

ቀና ብሎ አላየኝም። "እርስዎ ነዎት ያሉት።"

ወዳጆቼ፣ ምድር ብትከፈትና ብትውጠኝ በወደድኩ። ትዝ አለኝ። ከትንሣኤ በፊት ይህ ልጅ በሰንበት ትምህርት ክፍል ከሌላ ልጅ ጋር ተደባድቦ መስኮት ተሰብሮ ነበር። እኔም ለአስተማሪዋ በኮሪደሩ ላይ፣ "ምን ታደርጊዋለሽ፣ ዘር ከልጓም ይስባል" አልኳት። ከበሩ ጀርባ ቆሞ ነበር። ሰምቶኛል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያቺን ቃል ተሸክሟት ከርሟል።

አስቡት። ክፉ መንፈስ ይዞ እንዳይገባ የፈራሁት ሳጥን ከአንድ አምራች ፋብሪካ የወጣ ፕላስቲክ ነው። ልጁን ያቆሰለው ግን በእግዚአብሔር ቤት ኮሪደር፣ ከአንዲት የመጽሐፍ ቅዱስ ኮሌጅ ምሩቅ አፍ የወጣ ተረት ነው። ሞትና ሕይወት በአንደበት እጅ እንደ ሆኑ (ምሳ. 18፥21) ስንት ጊዜ ለእናቶች አስተምሬአለሁ!

ከወንበሬ ወርጄ አጠገቡ ተቀመጥኩ። "ልጄ፣ በድያለሁ። ያልኩት እውነት አይደለም። ይቅር በለኝ" አልኩት። ምን እንደሚመልስ ግራ ገባው፤ ትልቅ ሰው ይቅርታ ሲጠይቀው የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም። ከዚያ መጽሐፍ ቅዱሴን አመጣሁና ሕዝቅኤል ምዕራፍ 18ን ከፈትን።

ውድ አንባቢያን፣ እናንተም ይህን ምዕራፍ እባካችሁ ዛሬ አንብቡት። በእስራኤልም እንደ እኛው ያለ ተረት ነበር። አባቶች ጎምዛዛ የወይን ፍሬ በልተው የልጆች ጥርስ ጠረሰ እየተባለ ይተረት ነበር። ጌታ ግን ይህ ተረት ከእንግዲህ በእስራኤል እንዳይነገር አለ። ነፍስ ሁሉ የእርሱ ናት፤ ልጅ የአባቱን ኃጢአት አይሸከምም (ቁ. 2-4፣ 20)። ተረት ሁሉ ጥበብ አይደለም። እግዚአብሔር በግልጽ የከለከለው ተረት አለ፤ እኔ የተረትኩት የዚያ ወንድም ነው።

ከዚያም የይሁዳን ነገሥታት ቆጠርንለት። አካዝ ክፉ ንጉሥ ነበር፤ ልጁ ሕዝቅያስ ግን በጌታ ታመነ (2ኛ ነገ. 16 እና 18)። አሞን ክፉ ነበር፤ ልጁ ኢዮስያስ ግን በጌታ ፊት ቅን አደረገ (2ኛ ዜና 33 እና 34)። ልጁ ጣቱን ስሞቹ ላይ እያሳረፈ፣ "ስለዚህ ሕዝቅያስም አባቱ መጥፎ ነበር?" አለኝ። "አዎ፣ ያንተ አባት ካጠፋው እጅግ የባሰ" አልኩት። ፈገግ አለ።

አባቱስ?

ሁለተኛው ጥያቄ የመጣው ሊሄድ ጫማውን ሲያስር ነው። "አባቴስ? እርሱም እንደ ዳርዝ ቬደር ይመለሳል?"

እዚህ ላይ ለእናንተ ለወላጆችና ለአገልጋዮች አደራ የምለው ነገር አለ። ለልጅ የማናውቀውን ተስፋ አንስጥ። "አዎ፣ ይመለሳል" ማለት ቀላል ነበር፤ ዕንባውን ያብስ ነበር። ባይመለስ ግን ልጁ የሚያዝነው በአባቱ ብቻ አይሆንም፣ በጌታም ያዝናል። ስለዚህ ያልኩት ይህን ነው፦ "ይመለስ እንደ ሆነ አላውቅም። መመለስ እንደሚችል ግን አውቃለሁ። ከምናሴ የባሰ የለም።"

ምናሴ በመጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ካሉት ሰዎች ጭንብሉ እጅግ የጠቆረው አይደለምን? ልጆቹን በእሳት ያሳለፈ፣ ኢየሩሳሌምን በንጹሕ ደም የሞላ ንጉሥ ነው። በባቢሎን በሰንሰለት ታስሮ ሳለ ግን ራሱን አዋረደ፤ ጌታም ልመናውን ሰማው (2ኛ ዜና 33፥12-13)። ይህ ፊልም አይደለም፤ የሆነ ታሪክ ነው። ደግሞም መጽሐፍ ቅዱስ ነገሩን አያለዝበውም። ምናሴ ቢመለስም የሠራው ክፋት ያመጣው ጥፋት በሕዝቡ ላይ ቀርቷል (2ኛ ነገ. 23፥26)። የንስሐ አባት ቢመለስ እንኳ እናትየዋ ያሳለፈችው ሌሊት እንዳልነበረ አይሆንም። ይቅርታ የደረሰውን በደል ስሙን ጠርቶ ይቅር ማለት ነው እንጂ አልደረሰም ማለት አይደለም።

ፊልሙ ከወንጌል የሚለይበት

ልጆቻችሁ ይህን ፊልም ካዩ ሦስት ነገሮችን አብራችሁ ለዩ።

አንደኛ፣ በፊልሙ ውስጥ "ፎርስ" የሚሉት ኃይል አለ። በጎ ጎንና ጨለማ ጎን ያለው፣ ሰው የሚጠቀምበት፣ ስም የማይጠራና ጸሎት የማይሰማ ኃይል ነው። አምላካችን እንዲህ አይደለም። እርሱ ብርሃን ነው፤ ጨለማም በእርሱ ዘንድ ከቶ የለም (1ኛ ዮሐ. 1፥5)። እኛ የምንጠቀምበት ኃይል ሳይሆን በስማችን የሚጠራን አባት ነው።

ሁለተኛ፣ ዳርዝ ቬደር በመጨረሻዋ ሰዓት ባደረጋት አንዲት በጎ ሥራ የዳነ ይመስላል። ከጌታ ጋር የተሰቀለው ወንበዴ ግን ምንም ሊሠራ አልቻለም፤ እጁም እግሩም ተቸንክሯል። የሚችለውን አደረገ፤ ለመነ (ሉቃ. 23፥39-43)። ድነት በጸጋ ነው።

ሦስተኛው ለእኔ ከሁሉ የከበደኝ ነው። በፊልሙ ልጅ አባቱን ለማዳን ነፍሱን አሳልፎ ለመስጠት ይደፍራል። ለሲኒማ ያማረ ነው፤ አባቱ ለጠፋበት የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ግን የማይቻል ሸክም ነው። "ጎበዝ ብሆን፣ ባልደባደብ፣ አብዝቼ ብጸልይ ይመለስ ነበር" ብሎ ማታ ማታ ያስባል። ስለዚህ እንዲህ አልኩት፦ "ልጄ፣ አባትህን መውደድ ያንተ ነው። ማዳን ግን ያንተ ሥራ አይደለም። ያን ሥራ የሠራ አንድ ልጅ አለ፤ እርሱም የእግዚአብሔር ልጅ ነው።" ጫማውን አስሮ ጨርሶ ጥቂት ቆየና፣ "እሺ እትዬ" ብሎ ወጣ።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

ብዙ እናቶች "ታዲያ የክፉ ሰው ምስል ያለበት መጫወቻ እንግዛ ወይስ አንግዛ?" ብለው ይጠይቁኛል። እኔ የደረስኩበትን ልንገራችሁ፤ እናንተም በጸሎት መዝኑት።

1. መጀመሪያ ታሪኩን እወቁ። ክፉ ሰው የሌለበት ታሪክ የለም። እኛን በልጅነታችን ያሳደጉን አያ ጅቦ ያለበትን ተረት እየነገሩን ነው። በሰንበት ትምህርት ድራማም ወንዶቹ ሁሉ የሚሽቀዳደሙት ለጎልያድ ቦታ ነው፤ የናስ ራስ ቁር ስላለው! ጥያቄው ክፉው አለ ወይ ሳይሆን፣ ታሪኩ ክፋቱን ክፉ ይለዋል ወይ የሚለው ነው። ክፋትን የሚያስመሰግን፣ ጥንቆላን የሚያስተምር፣ በሰው ሥቃይ የሚያስቅ ከሆነ አታስገቡት።

2. ዕድሜን ተመልከቱ። ለትንንሽ ልጆች የዚህ ፊልም አንዳንድ ክፍል የሚከብድ ነው፤ በተለይ አናኪን የሚወድቅበት በ2005 እ.ኤ.አ. የወጣው። ሌሊት የሚያባንነው ልጅ ካለ ጭንብሉንም ከመኝታ ክፍሉ አርቁ።

3. አብራችሁ ተቀመጡ። እኔ ያን ሳጥን ጥዬው ቢሆን ወይም ሰጥቻቸው ወደ ወጥ ቤት ገብቼ ቢሆን ጥያቄውን አልሰማውም ነበር። ልጅ የልቡን የሚናገረው "ና ተቀመጥ፣ እናውራ" ስንለው ሳይሆን እጁ ሥራ ይዞ ሳለ ነው።

4. ገንዘብ ከሌላችሁ አትጨነቁ። ባለ 70 ዶላር ሌጎ አያስፈልግም። ጭቃም፣ ካርቶንም፣ ሽቦም ይበቃል። የሚያስፈልገው አብሮ የሚቀመጥ ሰው ነው።

5. አንደበታችሁን ጠብቁ። "አባቱን መሰለ"፣ "የእናቷ ልጅ አይደለች እንዴ" እያልን የምንወረውረው ቃል በልጅ ራስ ላይ የምንጭነው ጥቁር የራስ ቁር ነው። ጳውሎስ ግን ለእኛም ለልጆቻችንም የሚሆን ሌላ የራስ ቁር አሳይቶናል፤ እርሱም የመዳን ራስ ቁር ነው (ኤፌ. 6፥17)።

ዛሬ የት ደረስን?

የራስ ቁሩ አሁን በልጄ መደርደሪያ ላይ፣ ከመዝገበ ቃላቱ አጠገብ ተቀምጧል። እኒያ እናት ተመልሰው መጡ። ታሪኩን ሁሉ ነገርኳቸው። ረጅም ጊዜ ዝም ካሉ በኋላ፣ "እኔም እኮ ያንን ልጅ እንዲሁ ብዬዋለሁ" አሉኝ። ጭንብሉን ዛሬም አይወዱትም፤ ጀርባቸውን ሰጥተውት ነው ቡና የሚጠጡት። ለልጁ ግን በየሳምንቱ በስሙ ይጸልያሉ።

ባለቤቴ የልጁን አባት ፈልጎ አገኘው። ሁለት ጊዜ ሻይ ቤት ተገናኙ። በመጀመሪያው ቀን ብዙ አልተናገረም። በሁለተኛው ቀን፣ "ልጄ አሁንም ይዘምራል?" ብሎ ጠየቀ። ከዚያ በኋላ በቀጠሮው አልመጣም። ባለቤቴ አሁንም ይደውላል። ወደ ቤቱ ተመለሰ ብዬ ልጽፍላችሁ ብችል ደስ ባለኝ፤ ግን አልተመለሰም። እናንተ ይህን ስታነቡ ለዚህ ሰው አንድ ደቂቃ ብትጸልዩለት ስሙን ጌታ ያውቀዋል።

ልጁም አሁንም አንዳንዴ ይደባደባል፤ ልጅ ነው። ባለፈው እሑድ ግን አስተማሪዋ እየሳቀች መጣችና ነገረችኝ። አንዱ ልጅ፣ "አባትህን ትመስላለህ" ብሎ ሲሰድበው፣ "ሕዝቅኤል 18ን አንብብ" ብሎ መለሰለት አሉ።

በቤተሰብ ተወያዩበት

1. በቤታችን ስለ ሰው ዘርና ቤተሰብ የምንተርተው፣ ጌታ የከለከለው ዓይነት ተረት አለ? የትኛው ነው?
2. በጉባኤያችን ስሙ ሲነሣ ዝም የምንልለት ሰው ማን ነው? በዚህ ሳምንት ማን ሊጠይቀው ይችላል?
3. ይቅርታ ልንጠይቀው የሚገባ ልጅ አለ?

ጌታ ቤታችሁን ይባርክ፤ አንደበታችንንም ይጠብቅ። አሜን።